መድፉ ተቆጠረ፣ ጥይቱ ተቆጠረ፤ አፈሙዙን ማን ቆጠረው?

ጦርነት ሲዘገብ ቁጥር አይጠፋም። ይህን ያህል መድፍ ተለገሰ፤ ይህን ያህል ታንክ ወደመ፤ ይህን ያህል መቶ ሺህ ጥይት ታዘዘ። ሩሲያ ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ከወረረችበት ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ጋዜጦችም የየአገሩ ፓርላማዎችም እንዲህ ሲቆጥሩ ከርመዋል። ከቆጠራው ግን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ፣ አፈሙዙ።

አፈሙዝ ያልቃል። እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬን ሸራ ያልቃል። መድፉ ቀለሙ ሳይለቅ፣ ጎማው ሳይተነፍስ፣ ሠራተኞቹ ሳይጎዱ ከነግርማው ቆሞ እያለ አፈሙዙ ግን አገልግሎቱን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ለሚያየው መድፍ ነው። ለሚተኩሰው ግን ጥይቱ የት እንደሚያርፍ በእርግጠኝነት የማይታወቅበት ብረት ነው። ይህን አለመቁጠር ሁለት ዕዳ ያመጣል። አንደኛው የወታደራዊ ስሌት ስህተት ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ በሰላማዊ ሰው ሕይወት የሚከፈል ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መጀመሪያ አፈሙዝ ለምን እንደሚያልቅ ማየት ይገባል።

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል። የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። አረብ ብረት የሚቀልጠው ደግሞ 1,500 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። አፈሙዙ እዚያው የማይቀልጠው እሳቱ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ነው። ቢሆንም የውስጠኛው ገጽ በእያንዳንዱ ተኩስ ድንገት ይግላል፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። በዚህ መመላለስ ብረቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ቀጣዩ ጋዝ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ብረቱን እየሸረፈ ይወስዳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ጥይቱ ከተቀመጠበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ባሩዱ በሚነድበት ጉሮሮ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ፊት እየገፋ ይሄዳል።

በአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። ሥራቸው ጥይቱን እያሽከረከሩ ማስወጣት ነው። እንዝርት እየሾረ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ ጥይትም አቅጣጫውን ጠብቆ የሚሄደው በመሽከርከሩ ነው። ቦዮቹ ሲያልቁ የሚሆነውን ለመረዳት ወታደር መሆን አያስፈልግም። የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥርሱ ያለቀ ጎማን ሊሾ ይሉታል። ሊሾ ጎማ ይንከባለላል፤ በዝናብ ቀን ቁልቁለት ላይ ግን መኪናውን አይዝም። ሊሾ የሆነ አፈሙዝም ይተኩሳል፤ ጥይቱን ግን አይዝም። ጋዙ በጎን ያመልጣል፤ የጥይቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አካሄዱ ይዋዥቃል።

ታዲያ አንድ አፈሙዝ ስንት ጥይት ይችላል? መልሱ እንደ መሣሪያው ነው። ውስጡ ክሮም የተቀባ የክላሽ አፈሙዝ በአግባቡ ከተያዘ 10,000 ጥይትና ከዚያ በላይ ይችላል። ለሩቅ ዒላማ የሚሠሩ፣ ብዙ ባሩድ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ግን ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ጥይት ባለው ውስጥ የቀድሞ ትክክለኛነታቸውን ያጣሉ። አሜሪካ ሠራሹ ኤም 777 የተባለው ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፍ በሙሉ ባሩድ ሲተኮስ ወደ 2,500 ጥይት ይገመትለታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩት የአሜሪካ ጦር መርከቦች ባለ 16 ኢንች መድፎች ደግሞ 300 ገደማ ላይ አፈሙዛቸው ይለወጥ ነበር። ጥይቱ በከበደና በራቀ ቁጥር የአፈሙዙ ዕድሜ ያጥራል።

እዚህ ላይ የአገር ቤት አንባቢ አንድ ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ከአያት የወረደ ምንሽርና ውጅግራ ዛሬም አለ፤ ይተኩሳልም፤ ታዲያ ማለቁ የት አለ? መልሱ ቀላል ነው፤ የአፈሙዝ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በተኩስ ነው። በዓመት አምስትና ስድስት ጊዜ ለሠርግና ለለቅሶ የሚተኮስ ጠመንጃ መቶ ዓመት ቢኖርም አንድ ሺህ ጥይት ላይሞላ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ከተኩሱ ይልቅ የሚበላው ዝገት ነው። በአሮጌ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ያለው ጨው እርጥበት ይስባል፤ ሳይወለወል ያደረ አፈሙዝ በዚያ ይበሰብሳል። ጦርነት ውስጥ የገባ መድፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ መድፍ በቀን 100 ጥይት በሙሉ ባሩድ ቢተኩስ፣ 2,500 የሚሞላው በ25 ቀን ነው። አንድ ወር እንኳ አይደፍንም።

አሁን ወደ ቆጠራው።

አሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ለዩክሬን 200 ያህል ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፎች መስጠቷን፣ ለነዚህ የሚሆን ጥይት ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ መላኳን የመከላከያ መሥሪያ ቤቷ ዝርዝር ያሳያል። 3 ሚሊዮን ለ2,500 ሲካፈል 1,200 ይመጣል። ጥይቱ በሙሉ በሙሉ ባሩድ ቢተኮስ የ1,200 አፈሙዝ ዕድሜ ይበላል ማለት ነው። በእርግጥ ቅርብ ዒላማ በትንሽ ባሩድ ይመታል፤ ያ አፈሙዙን ብዙም አይጎዳም። ጥይቱንም የሚተኩሱት የአሜሪካ መድፎች ብቻ አይደሉም፤ የሌሎች አገሮችም አሉ። እንግዲህ ግማሹ ይቀነስ፤ 600 አፈሙዝ ይቀራል። በአደባባይ ሲነገር የነበረው ግን የመድፉና የጥይቱ ቁጥር ነበር።

አውሮፓም እንዲሁ ነው። በማርች 2023 የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥይት ለዩክሬን ለማድረስ ቃል ገባ። ቀኑ ሲደርስ የተሟላው ግማሽ ያህሉ፣ 524,000 ገደማ ነበር። ቃሉ መታጠፉ ብዙ አነጋገረ፤ ተገቢም ነበር። ቃሉ ቢሞላስ ኖሮ? አንድ ሚሊዮን ጥይት በሙሉ ባሩድ ቢተኮስ 400 አፈሙዝ ይፈጃል። ያን ጊዜ 400 አፈሙዝ ከየት ይመጣል ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ፖለቲከኛ ብዙ አልተሰማም።

ውጤቱ ግን ሳይጠየቅ መጣ። በኖቬምበር 2022 ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ ለዩክሬን ከተሰጡት 350 ገደማ የምዕራባውያን መድፎች ውስጥ በማንኛውም ሰዓት አንድ ሦስተኛው ከሥራ ውጭ ነበር። ምክንያቱ የጠላት ምት ብቻ አልነበረም፤ ከመጠን በላይ ከመተኮስ የመጣ ማለቅም ነበር። አፈሙዝ ለመለወጥ መድፉ ከግንባር ወጥቶ እስከ ፖላንድ መጓዝ ነበረበት። በዚያው ዓመት በበጋው የጀርመን መገናኛ ብዙኃን ፓንዘርሀውቢትሰ 2000 የተባለው ዘመናዊ መድፍ ከተኩሱ ብዛት የብልሽት ምልክት ማሳየት መጀመሩን ጻፉ። የጀርመን ጦር በቀን 100 ጥይትን ከባድ አጠቃቀም አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ለአጭር ጦርነት የተሠራ መሣሪያ ረጅም ጦርነት ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው።

የሩሲያ ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የምትደብቀው መጋዘን ሰፊ ስለሆነ ብቻ ዘግይቶ ታየ። ሩሲያ በቀን 10,000 ጥይት ትተኩሳለች ቢባል፣ አንዱ አፈሙዝ ደግሞ 2,000 ይችላል ቢባል፣ በቀን 5፣ በዓመት ከ1,800 በላይ አፈሙዝ ያስፈልጋታል። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ የቀን ተኩሷ ከዚህ በብዙ ይበልጥ እንደነበር ነው የሚገመተው። ዘ ኢኮኖሚስት በጁላይ 2024 ባወጣው ዘገባ፣ አፈሙዝ ለመቀጥቀጥ የሚያስፈልገው የተራቀቀ የኦስትሪያ ሥሪት ማሽን ያላቸው የሩሲያ ፋብሪካዎች ሁለት ብቻ እንደሆኑና እያንዳንዳቸው በዓመት ከ100 ገደማ በላይ እንደማያመርቱ ባለሙያዎችን ጠቅሶ ጽፏል። ታዲያ ልዩነቱ በምን ተሸፈነ? ከሶቪየት ዘመን በተረፈው ክምችት። በሳተላይት ፎቶ እንደታየው በሜዳ ላይ በረድፍ ቆመው የነበሩ አሮጌ ተጎታች መድፎች እየቀነሱ ሄዱ። ብዙዎቹ ለውጊያ ሳይሆን አፈሙዛቸው ተነቅሎ በሌላ መድፍ ላይ እንዲገጠም ነበር የተወሰዱት። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ባለ 170 ሚሊ ሜትር የሰሜን ኮሪያ መድፎች በባቡር ተጭነው ሩሲያ ውስጥ ሲጓዙ ታዩ። ከማለቅ የሚያመልጥ የለም፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ ደረሰበት የሚለው ነው።

አፈሙዝ ደግሞ ገንዘብ ስለተገኘ ብቻ በአንድ ሌሊት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ልዩ ብረት፣ ግዙፍ መቀጥቀጫ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ቀዳዳ የሚበሳ ማሽን፣ ለዓመታት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። አሜሪካ ትልልቅ የመድፍ አፈሙዞቿን የምታመርተው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በ1813 በተቋቋመው የዋተርቭሊት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ብሪታንያ የኢንዱስትሪ አብዮት የተጀመረባት አገር ሆና ሳለ የመድፍ አፈሙዝ መሥራት አቁማ ነበር። በኦክቶበር 2024 ከጀርመን ጋር በተፈራረመችው ስምምነት ነው የጀርመኑ ራይንሜታል ኩባንያ በሼፊልድ ብረት አፈሙዝ የሚያመርት ፋብሪካ በምድሯ እንዲተክል የተወሰነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑም በኩራት ተነገረ። ሀብታም አገር እንኳ ሙያውን ከጣለው መልሶ ለማንሳት ዓመታት ይፈጅበታል።

ይህ ሁሉ የወታደሮችና የፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ በተተወ ነበር። ግን አይደለም።

ያለቀ አፈሙዝ ሁለት ዓይነት ስህተት ያመጣል። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነስ ነው፤ ጥይቱ ከታሰበው ቦታ ቀድሞ ይወድቃል። ይህ ይታረማል። የመውጫ ፍጥነትን የሚለካ ራዳር አለ፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ድሮን አለ፤ ተኳሹ አፈሙዙን ከፍ ያደርግና ያስተካክላል። ሁለተኛው ስህተት መበታተን ነው። አንዱ ጥይት ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ ሦስተኛው አጥሮ፣ አራተኛው አልፎ ይወድቃል። ይህን የሚያርም ራዳር የለም፤ የሚቀጥለው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። አዲስ አፈሙዝ እንኳ በረጅም ርቀት ላይ ጥይቱን ከመቶ ሜትር በላይ ሊያዛባ ይችላል። ያለቀው ደግሞ ክቡን ያሰፋዋል። በዚያ በሰፋ ክብ ውስጥ ምሽግ ብቻ አይደለም ያለው፤ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ የሰው ቤት አለ።

ታሪክ ለዚህ ምስክር አያጣም። በ1918 ጀርመኖች ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚመታ መድፍ ሠሩ። የአፈሙዙ ማለቅ እጅግ ፈጣን ስለነበር ጥይቶቹ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ እያንዳንዱ ከቀደመው በጥቂቱ እየወፈረ ነበር የሚሠራው፤ እየሰፋ የሚሄደውን ቱቦ እንዲሞላ። ከ60 ገደማ ተኩስ በኋላ አፈሙዙ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ እንደገና ይሰፋ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ሁሉ ቢያሰሉም መድፉ ከአንድ ሙሉ ከተማ ያነሰ ዒላማ መለየት አልቻለም። በማርች 29 ቀን 1918፣ በምዕራባውያኑ የስቅለት ዕለት፣ አንዱ ጥይት በሳን ዠርቬ ቤተ ክርስቲያን ላይ ወድቆ ለጸሎት ከተሰበሰቡት ከ80 በላይ ሰዎችን ገደለ።

የጦርነት ሕግ ይህን ያውቃል። በ1977 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 51 በተለየ ወታደራዊ ዒላማ ላይ ማነጣጠር በማይችል መሣሪያ ማጥቃትን ይከለክላል። በአንቀጽ 57 ደግሞ አዛዥ መሣሪያውንና ዘዴውን ሲመርጥ የሰላማዊ ሰዎችን ጉዳት ለማስቀረት የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በሥርዓት የሚሠራ የመድፍ ክፍል የእያንዳንዱ አፈሙዝ የተኩስ መዝገብ አለው፤ ስንት ጥይት በምን ያህል ባሩድ እንደተተኮሰ ይጻፋል። እንግዲህ ያለቀ አፈሙዝ ይዞ ከተማ አጠገብ መተኮስ ድንገተኛ አደጋ ሊባል አይገባም። መዝገቡን ያየ ሰው የወሰነው ውሳኔ ነው። መዝገብ ካልተያዘም፣ አለመያዙ ራሱ ውሳኔ ነው።

ለዚህ የሚሰጡ መልሶች አሉ። አንዳንዶች ዘመኑ የድሮን ነው፤ መድፍ አብቅቶለታል ይላሉ። ድሮን ጦርነቱን መለወጡ እውነት ነው፤ አፈሙዝም አያስፈልገውም። ነገር ግን ጭጋግ፣ ኃይለኛ ነፋስና የሬዲዮ ሞገድ ማፈኛ ድሮንን ያስቸግሩታል፤ መድፉ በዚያም ሰዓት ይተኩሳል። ሁለቱም ወገኖች ዛሬም ጥይትና መድፍ ማምረታቸውን አላቆሙም።

ሌሎች ደግሞ በፋብሪካ የሚነገረው ቁጥር ለጥንቃቄ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ነው፤ በጭንቅ ጊዜ አፈሙዝ ከዚያ በላይ ይሄዳል ይላሉ። ይህም ከፊል እውነት ነው፤ 2,500 ሲሞላ አፈሙዙ በድንገት አይሞትም። አገሩን ከወረራ የሚከላከል ወታደር መድፉን አቁሞ መለዋወጫ እስኪመጣ እንዲጠብቅ መፍረድም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያለፈው ጥይት ሁሉ ዋጋ አለው። አንዱ ዒላማ በአምስት ጥይት ፈንታ አሥርና አሥራ አምስት ይጠይቃል፤ ተጨማሪው ጥይት ደግሞ አፈሙዙን ጨርሶ ይበላዋል። በስንጥቅ የደከመ ቱቦ ውሎ አድሮ ሊፈነዳና ሠራተኞቹን ሊገድል ይችላል። ቁጠባ የመሰለው ነገር ኪሳራ ሆኖ ይመለሳል። ወታደሩን እዚያ አጣብቂኝ ውስጥ የከተተውም መድፍ ሰጥቶ አፈሙዝ የዘነጋው ነው።

መሣሪያን ማግኘትና መሣሪያን መሥራት ልዩ መሆናቸውን ኢትዮጵያውያን ከጥንት ያውቁታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው ትልቁን መድፍ ሲያሠሩና በክራይሚያዋ ከተማ ስም ሴባስቶፖል ሲሉት፣ የፈለጉት ብረቱን ብቻ አልነበረም፤ ሙያው በአገራቸው እንዲቀር ነበር። ዩክሬንም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይታ ወደዚያው ትምህርት ደርሳለች። በ2022 በሙከራ ደረጃ የነበረው ቦህዳና የተባለው የራሷ መድፍ በ2024 በወር ከአሥር በላይ ይመረት ጀመር። ዴንማርክም ከራሷ መጋዘን አውጥታ ከመስጠት ይልቅ ለ18 ቦህዳና ገንዘቡን ከፍላ እዚያው ዩክሬን ውስጥ እንዲሠሩ አደረገች። ከስጦታዎች ሁሉ ዘላቂው ይህ ዓይነቱ ነው።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም። መድፍ የሚለግስ መንግሥት ከመድፉ ጋር ስንት መለዋወጫ አፈሙዝ እንደሚልክና የት እንደሚጠገን አብሮ ይናገር። ጥይት እናመርታለን የሚል ኅብረት ጥይቱን የሚተኩሰውን ቱቦ በዚያው ዕቅድ ውስጥ ያስገባ። የጦር ወንጀል የሚመረምር አካል ጥይቱ የወደቀበትን ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን የተኮሰውን አፈሙዝ መዝገብም ይጠይቅ። ዜና የሚያነብ ሰውም “ይህን ያህል መድፍ ገባ” ሲባል፣ “ለስንት ወር?” ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ቁጥር ለፎቶና ለመግለጫ ይሆናል፤ ግንባር ላይ ላለው ወታደርና ከግንባሩ ጀርባ ላለው መንደር ግን አይበቃም።